ቅጽል አልቀበልም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። ንግግርም ተደረገ። አንዱ ተነሥቶ «ታታሪ» አለኝ፤ ሌላዋ «ቅን» አለች፤ ሦስተኛው ትንሽ ቀማምሶ ስለነበር «ትሁት፣ ታማኝ፣ ትዕግሥተኛ፣ የዋህ» እያለ ደረደረው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የማያውቁኝ እንግዶች ሳይታዘቡኝ አልቀሩም። አብረውኝ የሠሩት ግን ምን እንዳሳቀኝ ስለሚያውቁ አብረውኝ ሳቁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ እንጀራ የበላሁት እንደነዚህ ያሉ ቃላትን እየለቀምኩ በመጣል ነውና።

ሥራዬ ይህ ነበር። ትምህርት ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የልጆች ማቆያ ሠራተኛ ሲፈልግ ለእኛ ኤጀንሲ ይነግራል፤ እኛ ሰው ፈልገን እንልካለን። የሚላከው ሰው ከልጆች ጋር የሚውል ከሆነ፣ ማን እንደሆነ ሳይጣራ ከደጃችን እንዳይወጣ ማድረግ የእኔ ድርሻ ነበር። ቢሯችን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከእስቴ ሌላ ለጋይንትና ለስማዳም ሰው እንልክ ነበር። ሥራዬን አውቀው ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ስገባ ግን ምንም አላውቅም ነበር። የስማዳዋ ወገዳ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ወደ እስቴ ስመጣ ስልክ እንዳነሣ ቀጠሩኝ። ደመወዙን አትጠይቁኝ። ያኔ ማጣራት ማለት ዋስ ማስጠራት ማለት ነበር። ሥራ ፈላጊው ደመወዝተኛ የሆነ ዘመዱን ወይም ያገሩን ልጅ ይዞ ይመጣል፤ ዋሱ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይፈርማል፣ አለቀ። ለዘበኛና ለገንዘብ ያዥ ዋስ ደኅና ነገር ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ ከማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ግን ዋሱ ምን ቢጎድል ምን ሊተካ ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው በቢሯችን አንድ ብቻ ነበር።

እሳቸውም ጋሽ አያሌው ነበሩ። ለብዙ ዘመን አማርኛ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ የኤጀንሲው ባለቤት «በዚህ አገር የማያውቁት ሰው የለም» ብሎ ያመጣቸው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት በእርማት ነው የጨረስኳቸው። «ህጻናት» ብዬ ከጻፍኩ ከወዲያ ማዶ ሆነው «ሐመሩ ሐ! ፀሐዩ ፀ!» ብለው ይጮሁብኛል። ስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ይቆማሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሽማግሌ እያናገርኩ ልቀመጥ እንዴ?» አሉኝ፤ ሽማግሌው ወዲያ ጫፍ ሆኖ እንደማያያቸው ቢያውቁም።

ትምህርት ቤት ሲሄዱም ርዕሰ መምህሩን መጨረሻ ላይ ነበር የሚያገኙት። መጀመሪያ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ ይጨዋወታሉ። ከዚያ ግቢውን የምታጸዳዋን ሴት ያገኛሉ። «ርዕሰ መምህሩ የተነገረውን ይነግረኛል፤ እነዚህ ግን ያዩትን ነው የሚነግሩኝ» ይሉ ነበር። ለኤጀንሲው በተሰጠው ፈቃድ ላይ የምንልከውን ሰው የማጣራት ግዴታ እንዳለብን ተጽፏል። ጋሽ አያሌው ይህንን ለባለቤቱ ደጋግመው ያነቡለት ነበር። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ዋስ አስጠርተን የለም እንዴ ጋሼ?»

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ጋይንት ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙን ልተወው። ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ግቢው ውስጥ የሚቆዩ ልጆች ነበሩት። እነሱን የሚጠብቅ ሰው ላኩልን አሉን። ብዙም ሳይቆይ ይርጋ የሚባል ጎልማሳ ሥራ ፍለጋ ወደኛ መጣ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው። «ቤተ ልሔም ጾመ ድጓ ስማር ነው የኖርሁ። ትንንሾቹን ፊደል የማስቆጥራቸው እኔ ነበርሁ» አለን።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። ቤተ ልሔም የጋይንት ጥንታዊ ደብር ነው፤ የድጓ መምህር መሆን የሚፈልግ ሁሉ ከየአገሩ እየመጣ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ከቤተ ልሔም ደጅ የመጣ ሰው በእኛ ዘንድ ተከብሮ ነው የሚኖር። ቤቱን ከነቁልፉ የሚተውለት ሞልቷል። ይርጋ ዋስም ይዞ ነበር። ባለቤቱ ዛሬውኑ ይሂድ አለ። ጋሽ አያሌው ግን ስልክ ሳልደውል አይሆንም ብለው ቤተ ልሔም ለሚኖሩ አንድ መሪጌታ ደወሉ። እንደልማዳቸው ቆመው ነው። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ስላስቸገረ ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«መሪጌታ፣ ይርጋ የሚባል ሰው ያውቃሉ? እናንተ ዘንድ ነበርሁ ይላል።»

«ይርጋ? ያ ከወንዙ ማዶ ያለው? አሳምሬ አውቀዋለሁ።»

«ልጆች ላይ ልናሰማራው ነው። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ይርጋን? ልጆች ላይ? ኧረ ይርጋ ጨዋ ነው እንጅ!»

«ጨዋ ነው?»

«ጨዋ ነው ስልዎ! ጨዋ...»

መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ጋሽ አያሌው ስልኩን አስቀምጠው ደስ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ጨዋ ነው፤ ጻፊ» አሉኝ። እኔም ጻፍኩ። ይርጋ በማግስቱ ወደ ጋይንት ሄደ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ተደወለ። አንዲት ተማሪ ስትጫወት ወድቃ እጇ ተጎድቷል፤ ወላጆቿ ግን ይርጋን ይወነጅሉታል፤ ጨዋ ነው ብላችሁ ስለላካችሁት መጥታችሁ መስክሩልን አሉ። ጋሽ አያሌው ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ባለቤቱ እኔን ላከኝ። «ሂጂና ነገሩን አብርጂው» ነው ያለኝ።

እኔ ግን ያደግሁት በጋሽ አያሌው እጅ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ከዘበኛው ጋር ተቀመጥኩ። ስለ መንገዱ አማረርኩ፤ እሱም አማረረ። ከዚያ ስለ ልጅቷ ጠየቅሁት። ወዲያ ወዲህ አየና፣ «እኔ በር ላይ ነኝ፤ ያየሁት ነገር የለም። ጩኸት ግን ሰምቻለሁ። የሰማሁትም ከሜዳው በኩል አይደለም፤ ከዕቃ ቤቱ ነው» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ሳልገባ ልጅቷ ወደተኛችበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ስለእናት ትባላለች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ አብጧል። «ሰው በመጣ ቁጥር እየጠየቀ አስጨነቃት» አለችኝ እናትየዋ። «መጀመሪያ ተናግራ ነበር። ኋላ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ፣ እሱ የቤተ ልሔም ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ ውሸት ኀጢአት ነው ሲላት ጊዜ ዝም አለች። ይኸው እንደዘጋች ነው።»

ጨዋ የሚለው ቃል ከእኛ ቢሮ እንደወጣ ገባኝ። እኔው በእጄ የጻፍኩት ቃል ተመልሶ የልጅ አፍ ዘጋ። ወንበር ነበረ፤ እኔ ግን ፊቷን እንዳየው ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ይርጋ ጠባይ አልጠየቅኋትም። ክፉ ነው ወይ፣ ደግ ነው ወይ አላልኩም።

«ስለእናት፣ ይርጋ ምን አደረገ?» አልኳት።

«ዘጋ» አለች።

«ምኑን?»

«በሩን። የዕቃ ቤቱን። ስለረበሽሁ አስገባኝና ዘጋ። አውጣኝ ብየ እጄን በር ላይ አደረግሁ። እጄን እያየ ዘጋው።»

እናትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስለእናት ግን አላለቀሰችም፤ እኔ ምን እንደምል ነበር የምትጠብቀው። «አምኜሻለሁ» አልኳት። «ለሁሉም እናገራለሁ።» ይህን ስል ነገሩ ለእኔ ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩም ነበር። ወገዳ ያለችው እናቴ የምትጠብቀው እኔን ነው፤ እስቴ ውስጥ ከዚህ ቢሮ ሌላ የሚቀጥረኝ የለም። እሱን ያሰብኩት ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ለጋሽ አያሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። በነጋታው ጉንፋኑ ሳይለቃቸው ኮታቸውን ለብሰው መጡ። «ተነሺ፣ ቤተ ልሔም እንሂድ። መሪጌታ እንዲህ ያለውን ሰው ጨዋ የሚሉ ሰው አይደሉም» አሉኝ።

መሪጌታን ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። ጋሽ አያሌው ከሰላምታ በኋላ ጊዜ አላባከኑም። «መሪጌታ፣ ያ ጨዋ ነው ያሉኝ ይርጋ የልጅ እጅ ሰበረ» አሉ።

ሽማግሌው አማተቡ። «እሱን ከልጆች ጋር አዋላችሁት?»

«እርስዎ ጨዋ ነው አላሉኝም ወይ?»

«አልሁ እንጅ! ጨዋ ነው አልሁ። ልጆች ላይ ልናሰማራው ነው ብትሉኝ ጊዜ ደነገጥሁ፤ ጨዋ ሰው እንዴት ብሎ ያስተምራል ብየ። ከኛ ደጅ አንዲት ዜማ አልቆጠረም። ካህን አይደለም፣ ተማሪ አልነበረም፣ ጨዋ ነው። ልነግርዎ ስል ስልኩ ጠፋ።»

ለእኛ ለከተማው ሰዎች ጨዋ ማለት የታረመ፣ ሰው የሚያከብር፣ የደኅና ቤተሰብ ልጅ ማለት ነው። በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ግን ጨዋ ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልነካው፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው። ሁለቱንም እናውቃለን። ጋሽ አያሌው ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። ግን በዚያች ሰዓት ከሁለቱ የሰሙት ሊሰሙት የፈለጉትን ነበር። መሪጌታ «ተማርሁ ያለው ውሸቱን ነው» ሊሉን ሲሞክሩ እኛ «ምስጋና ነው» ብለን ተቀበልን።

«ታዲያ እዚህ ነበርኩ ያለውን ዘመን የት ነበር?» አልኩ እኔ።

«ሌላ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር አሉ። ልጅ ስለሚገርፍ አባረሩት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን ሠራ ብትሉኝ እነግራችሁ ነበር እኮ! እናንተ የጠየቃችሁኝ ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሽ አያሌው ዞረው፣ ሳያስቡት ነው መሰለኝ፣ «አንቱ የአማርኛ መምህር አይደሉም ወይ?» አሏቸው።

ጋሽ አያሌው አጠገባቸው የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ እያናገሩ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ በድንገት ወደ እኔ ዞረው፣ «ሙሉነሽ፣ ጨዋ የሚለው ቃል የንግግር ክፍሉ ምንድን ነው?» አሉኝ። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። «ቅጽል» አልኩ። «ቅጽል ነው» አሉ። «ጥሩ፣ ቅን፣ ትሁት፣ ሰው አክባሪ፤ ሁሉም ቅጽል ነው። ቅጽል ሰሚው የፈለገውን ትርጉም ይይዝለታል። ያቺ ልጅ ለአንቺ ምን አለችሽ?» «ዘጋ» አልኩ። «ግስ!» አሉና የፊታቸውን ወንበር በእጃቸው መቱ፤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ ገላመጠን። «ማን፣ ምን እንዳደረገ በአንድ ቃል። ከእንግዲህ ስለ ሰው ስንጠይቅ ግስ ካልሰጡን አንቀበልም።»

የልጅቷ ወላጆች ትምህርት ቤቱንም ኤጀንሲውንም ከሰሱ። ባለቤቱ ሁለታችንን ጠርቶ፣ ፍርድ ቤት ስትጠየቁ ዋስ አስጠርተናል በሉ፣ ሌላ አትጨምሩ አለን። «ሥራችሁን አስቡ» የሚል ቃልም ጣል አደረገ። ጋሽ አያሌው «እኛም ሥራችንን አስበን ነው የምንናገረው» ብለው ወጡ፤ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።

ፍርድ ቤት ቀርበን እሳቸው ስለ ስልኩ ተናገሩ፤ መሪጌታም መጥተው ያሉትን ደገሙት። ስለ ጨዋ ትርጉም ሲነገር አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ነበር፤ ስለእናት ፋሻዋን ይዛ ስትገባ ግን ሳቁ ቆመ። እኔ ዘበኛው የነገረኝንና ልጅቷ ያለችኝን ተናገርኩ። የኤጀንሲው ጠበቃ ተነሥቶ ደንበኛዬ ዋስ አስጠርቷል፤ ግዴታውን ተወጥቷል አለ።

ዳኛዋ ቀና አሉ። «ዋሱ የፈረመው ምን ቢጎድል ሊተካ ነው?»

«ንብረት ቢጎድል፣ ክብርት ዳኛ።»

«ይቺ ልጅ ንብረት ናት?»

ጠበቃው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ፍርዱ ሲነበብ የገባኝ ይህ ነው፤ ሰው ወደ ልጆች የሚልክ፣ የሚልከው ሰው ከልጆች ጋር ምን ሲሠራ እንደኖረ የማጣራት ግዴታ አለበት፤ የዋስ ፊርማ ያንን ግዴታ አያነሣም። ትምህርት ቤቱም እኛም ኀላፊ ተባልን። ይርጋ በወንጀል ተከሶ ተፈረደበት። የስለእናት ሁለት ጣቶች ግን ዛሬም በደንብ አይታጠፉም። ከፍርዱ ሁሉ በኋላ እሱ አልተስተካከለም፤ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈን። እሱም የሴት ልጆች አባት ነው፤ የዳኛዋ ጥያቄ እንቅልፍ ሳይነሣው አልቀረም። አንድ ማለዳ መጥቶ የልጆቹን ጉዳይ ለእኛ ተወ። «እናንተ ያላለፋችሁት ሰው ልጅ ወዳለበት አይሄድም፤ እኔም ብሆን» አለን። ቃሉንም ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ደስ የሚል ነው። ከጋሽ አያሌው ጋር ሥራውን እንደ አዲስ ሠራነው። ሰው ስለ ኖረበት ዘመን ስንጠይቅ ቀን ቁጠርልን አንልም፤ ቀን ሁሉም ሰው ያምታታል። «የዚያን ዓመት መኸር የት ነበርሽ? ገብሱን ማን አጨደላችሁ? ፋሲካን ከማን ጋር ፈሰካችሁ?» እንላለን። የአገራችን ሰው መኸር ላይ የት እንደነበረ አይጠፋውም፤ ያመነታ ሰው ካለ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ልጆች ጠብቄያለሁ ላለን ደግሞ «እስኪ ስማቸውን ንገረን» እንላለን። በእውነት የጠበቀ ሰው ስም ብቻ ነግሮን አያበቃም፤ ማን ያለቅስ እንደነበር፣ ማን ምሳውን ለውሻ ይሰጥ እንደነበር ካላወራ አይለቀንም።

ከፖሊስ የሚመጣውን ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃም እንቀበላለን፤ ግን አናመልከውም። ምክንያቱን የተማርኩት በገዛ አገሬ በወገዳ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት የታሰበ አንድ ሰው ማስረጃው ሁሉ ንጹሕ ነበር። በእኛ አገር ግን ስንቱ ነገር ፖሊስ ደጅ ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ በእርቅ ያለቀ ነገር ደግሞ ፋይል የለውም። ስለዚህ ሽምግልና የሚቀመጡ አንድ አባት ጋ ሄድኩ፤ የእናቴ ጎረቤት ናቸው።

«አባባ፣ በእርቅ ያለቀ ነገር ይኖር ይሆን?» አልኳቸው።

«እርቅ አይፈርስም፣ ልጄ። የታሰረ ነገር አትፍችብኝ።»

«አልፈታም። ምን እንደነበረም አይንገሩኝ። ግን ልጅ ልንሰጠው ነው።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «ከብት ብትሰጭው ጥሩ አድርጎ ያግዳል» አሉ። ቀጥለው፣ «ከብት ነው ያልሁሽ» ብለው ተነሡ። የሰጡኝ ግስ ነበር፤ በቂዬም ነበር። ለሰውዬው ከብት እርባታ ሥራ ፈለግንለት፤ በእሱም ደኅና ሆኖ ኖረ። ሰው መመለስ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሆነው ቦታ ላይ ማዋልም የሥራችን ክፍል ነው።

ጋሽ አያሌው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። ለቀብራቸው ስንቆም «ደግ ነበሩ፣ ምሁር ነበሩ» ሲባል ጆሮዬ እምቢ አለኝ። እኔ የማስታውሰው ሲቆሙ፣ ሲያርሙኝ፣ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡና ተነሥተው ፍርድ ቤት ሲሄዱ ነው። ወንበራቸውን ስይዝ አንድ ደንብ ብቻ ጨመርኩ፤ ልጅ ሊጠብቅ የሚመጣ ሁሉ ስለ እሱ እንዲመሰክሩ ከሚያቀርባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ልጅ ሳለ በእሱ እጅ ያለፈ ሰው ይሁን። አለቃ ስለ ሠራተኛው የሚያውቀው በላይ በላዩን ነው፤ በእጁ ያለፈ ልጅ ግን ሁሉንም ያውቃል። ብዙ ሰው በዚህ ደንብ ተማርሮብኛል። አንድም ቀን አላላሁትም።

እኔን የተካችው ሕይወት ትባላለች፤ እኔው ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ማጣራቱን «ሪፈረንስ ቼክ» ትለዋለች እንጂ ሥራው ያው ነው። ስልክ ስታወራም ትቆማለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ከእኔ አይታ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መዋል አልሆነልኝም። ዘንድሮ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ማቆያ ሲከፈት፣ ሞግዚቶቹን የምታስተባብር ሴት እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ሰው የሚያቀርበው የእኛው ኤጀንሲ ነው። ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። ሕይወት ብድግ ብላ ሳመችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«እሺ እትዬ ሙሉ፣ ሦስት ሰው ይስጡኝ።»

«እኔን?»

«እርስዎን።»

እውነቱን ልናገር፣ ተቆጣሁ። ይህን ወንበር ያሞቅሁት እኔ ነኝ! ግን ወዲያው ደስታዬ ቁጣዬን በለጠው፤ ሳትጠይቅ ብታሳልፈኝ ኖሮ ነበር ማዘን የነበረብኝ። ባለቤቱንና አንዲት የትምህርት ቤት ኀላፊ ሰጠኋት። ሁለቱም ምስጋናውን ሲያዘንቡላት «ግስ ስጡኝ» እያለች አስጨነቀቻቸው። ቀጥላ ዞራ፣ «ሦስተኛው በእጅዎ ያለፈ ልጅ ይሁን፤ ደንቡ የእርስዎ ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ተያዝኩ። እኔ ልጅ ጠባቂዎችን ስመረምር ኖርኩ እንጂ ልጅ ጠብቄ አላውቅም። የወለድኩትም የለኝም። በሥራዬ ምክንያት በእጄ ያለፈች ልጅ አንዲት ብቻ ናት። ስለእናት ነፋስ መውጫ ከተማ አስተማሪ ሆናለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ያንን ዕቃ ቤት እንዳላስታውሳት ብዬ አንድም ቀን ደውዬላት አላውቅም። ታስታውሰኝ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቢሆንም ስሟን ለሕይወት ነገርኳት።

ሕይወት ውጭ ይጠብቁኝ አለችኝ፤ ደንቡ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አውቶቡሶቹ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። ስንቱን ሰው እዚያ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ አስጠብቄያለሁ። አግዳሚው እንዴት እንደሚቆረቁር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

«ምን አለች?»

«በመጀመሪያ ጥሩ ሴት ናቸው ምናምን አለችኝ» አለች ሕይወት። «ቅጽል አልቀበልም አልኳት። ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅኋት። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።» ሕይወት ወረቀቱን አላየችም። «‹አመነችኝ› አለች።»

ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ሕይወት እስክረጋጋ አጠገቤ ቆመች፤ ከዚያ ገብታ ማኅተሙን መታች።

«ሰኞ ይጀምራሉ» አለችኝ። «እንዳያረፍዱ።»